«ሕንፃ ለሰው እንጂ ሰው ለሕንፃ አልተፈጠረም» ለተባለው መልስ አለኝ

ጥንተ ሰፈር፦
ትናንት ማታ እዚሁ ስለ ከተማ ምክር ቤቶች ስናወራ አልሚው «ሊቨርፑል ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘች፤ ታዲያ ምን ሆነች? ስታዲየሟን ሠርታ ኑሮዋን ቀጠለች። ሕንፃ ለሰው እንጂ ሰው ለሕንፃ አልተፈጠረም» ብሎ ጻፈ፤ ላይክ ሲጎርፍለት አደረ። «ቆይ እስቲ» ያለው ሰው ግን አላየሁም። እንግዲያው እኔ ልበል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የሊቨርፑል የወደብ ሰፈር የተመዘገበው በ2004 ነው። በ2012 ምክር ቤቱ በሰሜኑ የወደብ ክፍል ረጃጅም ፎቆች የሚተከሉበትን ግዙፍ ፕሮጀክት ሲያጸድቅ ቦታው «አደጋ ላይ ያሉ» ከሚባሉት ተርታ ገባ። ከዚያ ዓመት በዓመት ማስጠንቀቂያ ሄደ። ሰሚ ጠፋ። ጁላይ 2021 ላይ በምስጢር ድምፅ 13 ለ5 ተሰረዘ። በዓለም ከዚያ በፊት የተሰረዙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የኦማን የዱር እንስሳት መጠበቂያ፣ ሌላው የጀርመኑ የድሬስደን ሸለቆ። ነገሩ በአንድ ቀን የተደረገ አይደለም። እያንዳንዱ ፈቃድ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ተደማምሮ ነው ሰፈሩን የበላው።

አልሚው፣ ጥያቄዬ አጭር ናት። «ለሰው» ስትል ለየትኛው ሰው ነው?

አልሚው፦
ጥሩ ጠየቅህ፤ እስከ መጨረሻው አንብበኝ እንጂ እመልስልሃለሁ።

የኤቨርተን እግር ኳስ ክለብ አዲሱ ስታዲየም ያረፈበት ብራምሊ ሙር ዶክ፣ ማለትም መርከብ ገብቶ የሚቆምበት የውሃ ገንዳ፣ በ1848 የተከፈተ ነው። መርከብ እየገዘፈ፣ ጭነቱም ኮንቴነር እየሆነ ሲሄድ እንደዚያ ያሉ የድሮ ዶኮች ሥራ ፈቱ። ዙሪያው በድንጋይ ግንብ የታጠረ፣ የከተማው ሰው ገብቶ የማያየው ቦታ ነበር። ሰሜን ሊቨርፑል ደግሞ በእንግሊዝ በድህነት ከሚጠቀሱት ሰፈሮች አንዱ ነው። ምክር ቤቱ ፊት የቀረበው ምርጫ ይሄ ነው፤ ወይ ማንም የማይረግጠው ዶክ እንዳለ ይቀመጥ፣ ወይ 52,888 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ይገንባና ሰፈሩ ይነሳ። አንተ ወንበሩ ላይ ብትሆን እጅህን ለየትኛው ታወጣ ነበር?

የትኛው ሰው ላልከኝ፣ ግንቡን ከውጭ እያየ ያደገው፣ ሥራ ፈልጎ ያጣው ሰው ነው። የምናገረው ለእሱ ነው። ቅርስ መጠበቅ ማለት የሞተን ቦታ ለቱሪስት ካሜራ ማቆየት ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ሰማያዊው፦
የኤቨርተን ደጋፊ ነኝ፣ ዝም ማለት አቃተኝ። ጥንተ ሰፈር፣ ራስህ እኮ ጻፍከው፤ ቦታው አደጋ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2012 ነው። ያኔ የእኛ ስታዲየም በወረቀት ላይ እንኳን አልነበረም። ክለቡ ዶኩን የመረጠው ከዓመታት በኋላ ነው። ሲሠራም የድንጋይ ግንቡን አላፈረሰም፣ የሃይድሮሊክ ማማውን አድሶታል፣ የድሮው ሐዲድና የመርከብ ማሰሪያዎቹ ዛሬም መሬቱ ላይ ይታያሉ። ከ1892 ጀምሮ የተጫወትንበትን ጉዲሰን ፓርክን ለቆ መውጣት ለእኛም ቀላል አልነበረም። እሱም ቢሆን አልፈረሰም፣ የሴቶች ቡድናችን ገብቶበታል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ እኛ ላይ አትጫኑ።

ጥንተ ሰፈር፦
ግንቡ አለ፣ ማማው አለ። ውሃውስ? ዶኩ እኮ ከባሕር በተቀዳ አሸዋ ተሞልቷል። ቦታው የተመዘገበው መርከብ ገብቶ ጭነት የሚያራግፍባቸው የውሃ ገንዳዎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ስለሚገኙበት ነው። አንዱን ስትደፍነው ሰንሰለቱን በጠስከው ማለት ነው። ማሰሪያውን አስቀርቶ የሚታሰርበትን ውሃ መድፈን ጥበቃ አይባልም።

ቀዩ ጎን፦
ኤቨርተኖች ዋንጫ ቢያጡ የከተማዋን ስም ይዘው ጠፉ።

ሰማያዊው፦
ስለ ሰፈር ከተነሳማ በእናንተ በሊቨርፑል ክለብ ሜዳ በአንፊልድ ዙሪያ ለዓመታት ባዶ ተደርገው ቆይተው የፈረሱት ቤቶችም ይነሱ! ክለባችሁ ሜዳውን ለማስፋት ቤቶቹን አንድ በአንድ ሲገዛ፣ መስኮታቸው በጣውላ ሲታሸግ፣ አጠገባቸው የሚኖረው ሰው ምን እንዳየ ጠይቅና ተመለስ። እኛ የደፈንነው ማንም የማይኖርበትን ውሃ ነው።

ቀዩ ጎን፦
እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ተከራይዋ፦
ሌላ ጉዳይ አይደለም፤ ጉዳዩ ራሱ እሱ ነው። ከትናንት ጀምሮ ስከታተላችሁ አንዳችሁ ስለ ድንጋይ፣ አንዳችሁ ስለ ስታዲየም ታወራላችሁ። አልሚው «ሰው» ሲል ሥራ ፈላጊውን ጠራ። ጥንተ ሰፈር «ሰው» ሲል ማንን እንደሚጠራ እስካሁን አልነገረንም። እኔ የምጠይቀው ስለ ተከራዩ ነው። ሰፈር ሲፈርስም ሲታደስም እሱ ነው የሚወጣው።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ፓሪስን ውሰዱ። በ1962 የወጣው የድሮ ሰፈሮች መጠበቂያ ሕግ ማሬ የሚባለውን ሰፈር ከቡልዶዘር አዳነው፤ ይሄን ማንም አይክድም። ግን ሕንፃው ሲታደስ፣ ኪራዩ ሲንር፣ በየግቢው ውስጥ ይሠራ የነበረው የእጅ ሙያተኛና ድሃው ነዋሪ ወጣ። ቬኒስንም ተመልከቱ። በ1951 በአሮጌው ከተማ ወደ 175,000 ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። ድንጋዩ ሁሉ በቦታው አለ። ጥንተ ሰፈር፣ ያንተ ጥበቃ ይሄን ሰው ምን አደረገለት?

ጥንተ ሰፈር፦
እህቴ፣ ቬኒስን ባዶ ያደረጋት ጥበቃው አይደለም። መኖሪያ ቤት ሁሉ የእንግዳ ማረፊያ ሲሆን ዝም ያለው አስተዳደር ነው። ለቀን ጎብኚ 5 ዩሮ የመግቢያ ክፍያ የተጀመረው በ2024 ነው። ግዙፎቹ የሽርሽር መርከቦች ከሳን ማርኮ ፊት እንዳያልፉ የተከለከሉት በ2021 ነው፤ እሱንም የወሰነው የሮም መንግሥት ነው። ሁለቱም ሕዝቡ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የመጡ ናቸው። ጥበቃና ኪራይ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ በሕግ ተይዞ ሌላው ልቅ ሲተው የሚሆነውን ነው ያየሽው።

ተከራይዋ፦
እሺ፣ ሁለቱ የሚያዙት በአንድ ምክር ቤት ነው አይደል? እንግዲያው አንዱን ይዞ ሌላውን ስለተወው ምክር ቤት ንገረኝ እንጂ «ጥበቃው አይደለም» ብለህ አትለፈኝ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ስታዲየሙን ለቀቅ አድርገን ምክር ቤቱን እንመልከት። ሊቨርፑል ከመዝገብ በተሰረዘችበት በዚያው በ2021 የእንግሊዝ መንግሥት ለከተማዋ ምክር ቤት ሥራውን የሚቆጣጠሩ ኮሚሽነሮች መድቧል። የመንግሥት ምርመራ በከተማ ማደስ፣ በንብረት አስተዳደርና በመንገድ ሥራ ላይ ከባድ ጉድለት ስላገኘ ነው። ከተማ ማደስና ንብረት ማስተዳደር ማለት መሬት ለማን፣ በስንት፣ በምን ውል እንደሚተላለፍ የሚወሰንበት ክፍል ነው። ስለዚህ «ሊቨርፑል ምን ሆነች?» ለሚለው የአልሚው ጥያቄ አንዱ መልስ ይሄ ነው። ልማቱን በትክክል መዝኖ የመረጠ ምክር ቤት እንደነበር አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።

ለጥበቃው ወገን ደግሞ ኒውዮርክን ላስታውስ። ፔን ስቴሽን የሚባለው ግዙፍ የባቡር ጣቢያ በ1963 መፍረስ ሲጀምር የሚያስቆመው ሕግ አልነበረም። የከተማዋ የቅርስ ሕግ የወጣው በ1965 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ግን ጩኸቱ ከንቱ አልቀረም። የባቡር ኩባንያው በግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ላይ ባለ 55 ፎቅ ሕንፃ ሊጭን ሲነሳ ከተማዋ ከለከለችው፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1978 ከተማዋ 6 ለ3 ረታች። ከተማ ለቅርስ ብሎ ግንባታ መከልከል ይችላል የሚለው በዚያ ጸና።

አልሚው፦
አመሰግናለሁ፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ኒውዮርክ ኩባንያውን «አትሠራም» ብላ ባዶ እጁን አልሰደደችውም። ከጣቢያው በላይ ሊገነባ ይችል የነበረውን ከፍታ በአቅራቢያው ወዳለ ሌላ መሬት እንዲያዛውር ፈቅዳለት ነበር። ፍርድ ቤቱም ይሄን ከቁጥር አስገብቶታል። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ባለ ይዞታን «ቅርስ ነውና አትንካው» ብለህ፣ የምታድስበትም የምትክስበትም ሳይኖርህ ብትተወው ቤቱ ራሱ ይወድቃል። ዛንዚባር ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ? በ1883 የተሠራው «የድንቅ ቤት» የሚሉት ቤተ መንግሥት በተመዘገበ ከተማ ውስጥ፣ ጥበቃ እየተደረገለት፣ ዲሴምበር 25 ቀን 2020 ከፊሉ ተደረመሰ። ሁለት ሰው ሞተ። ሲጠግኑት ነበር የወደቀው። እንዲህ ሲሆን ሰው ለሕንፃ ተፈጠረ ማለት አይደለም ወይ?

ጥንተ ሰፈር፦
የሞቱትን ሰዎች ለአባባልህ ማጠናከሪያ አታድርጋቸው። ያ ቤት የወደቀው ስለተጠበቀ ነው? ለዓመታት ሳይጠገን ስለኖረ ነው እንጂ! አንተ በዚህ ምሳሌ ልታሳየን የፈለግከው «እንግዲህ ይፍረስ» የሚል ነው፤ እኔ የማየው ግን በወቅቱ በጀት ሊያዝለት ይገባ ነበር የሚል ነው።

አልሚው፦
በጀቱ ከየት? ምክር ቤት ገቢ የሚያገኘው ከተማው ሲያድግ ነው። ዕድገቱን ከልክለህ በጀት ትጠይቃለህ።

የወንዝ ዳር፦
ሁላችሁም ውሃውን ረሳችሁት። የሊቨርፑል ውሃ በአሸዋ ሲደፈን ከቅርስነቱ ሌላ ምን እንደጠፋ የጠየቀ የለም። ከተማ ሲያድግ መጀመሪያ የሚጠፋው ዝናቡ የሚሰርግበት መሬት ነው። ጣሪያ፣ አስፋልት፣ ኮንክሪት... ውሃው ደግሞ መንገዱን አይረሳም።

ኮፐንሃገን ጁላይ 2 ቀን 2011 ሁለት ሰዓት ገደማ የጣለ ዝናብ ነው ያጥለቀለቃት። እስከ 150 ሚሊ ሜትር ወርዷል። የቤት ምድር ቤቶች፣ መንገዶች፣ ሆስፒታሎች ችግር ውስጥ ገቡ። ጉዳቱ ወደ 6 ቢሊዮን ክሮነር ተገመተ። ምክር ቤቱ በዓመቱ ዶፍ ዝናብ የሚመራበትን ዕቅድ አወጣ፤ ወደ 300 የሚጠጉ ፕሮጀክቶች፣ በ20 ዓመት የሚሠሩ። አሁን ለሁለታችሁም የሚጠቅመውን ላሳያችሁ። ኢንግሄቨ የሚባል የ1920ዎቹ መናፈሻ አላቸው፣ በቅርስነት የተከበረ፣ ዛፎቹ በመስመር የቆሙ፣ የጽጌረዳ አትክልት ያለው። «ቅርስ ነው አይነካ» ብለው አልተዉት፤ አፍርሰውም ማጠራቀሚያ ገንዳ አልሠሩበትም። አንዳንዱን ክፍል ዝቅ አደረጉ፣ ዙሪያውን አጭር ግድብ አበጁለት። ግድቡ በደረቅ ቀን ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ ነው። ዶፍ ሲመጣ መግቢያዎቹ ይዘጉና መናፈሻው 22,600 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የዛፎቹ መስመር አልተነካም። ይሄን ያደረገው ምክር ቤት ነው።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ይሄ ጥሩ ነው። ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ መሆኑንም አንርሳ።

የወንዝ ዳር፦
ከአደጋ በኋላ የተማረ ጥቂት ነው፤ ብዙው ከአደጋ በኋላም አይማርም። ሴኡልን ጨምሩበት። ቾንግዬቾን የሚባለውን ወንዝ በኮንክሪት ሸፍነው ከላዩ ባለ ምሰሶ አውራ ጎዳና ጭነውበት ነበር። በ2003 ማፍረስ ጀመሩ፤ በ2005 5.8 ኪሎ ሜትር ወንዝ ተከፈተ። በወንዙ ዳር ያለው ሙቀት ከአጎራባች መንገዶች ከ3.3 እስከ 5.9 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ተለክቷል። መንገድ ተሠርቶ እንኳን ሊፈርስ ይችላል ማለት ነው፤ ምክር ቤቱ ከፈለገ።

ተከራይዋ፦
ወንድሜ የወንዝ ዳር፣ ሴኡልን ባታነሳ ነበር የሚሻልህ። ከዚያ ጎዳና ግርጌ ዕድሜያቸውን ሲነግዱ የኖሩት ጉልት ቸርቻሪዎች የት ሄዱ? ወደ ዶንግዴሙን ስታዲየም ግቢ አሻገሯቸው። ስታዲየሙም በተራው ፈረሰ፣ ቦታው ላይ በ2014 የተከፈተው ያ ጥምዝምዝ የዲዛይን አዳራሽ ቆመ፣ ቸርቻሪዎቹም እንደገና ተነሱ። አንዴ ለወንዝ፣ አንዴ ለአዳራሽ። ዲግሪው ሲለካ የእነሱን ኑሮ የለካው ማን ነው?

ጥንተ ሰፈር፦
ይሄንንስ ልጨምርበት። ስታዲየሙ በ1925 በጃፓን አገዛዝ ዘመን የተሠራው በድሮው የከተማ ቅጥር ላይ ነው። ፈርሶ ሲቆፈር የቅጥሩ መሠረትና ውሃ የሚያልፍበት ባለ ሁለት ቅስት በር ከሥር ወጣ። ወንዙ ላይ የነበረው የጥንቱ የጓንግቶንግ ድልድይም ሲታደስ ከቦታው ሸሽቶ ነው የተተከለው። ከንቲባው በሥልጣን ዘመናቸው ለመጨረስ ስለቸኮሉ የቅርስ ባለሙያዎች በጊዜው አምርረው ተቃውመዋል። ስለዚህ ወንዙን በማስከፈታቸው አመሰግናለሁ፤ አቻኳኮላቸውን ግን አልቀበልም።

የወንዝ ዳር፦
የቸርቻሪዎቹን ነገር አልከራከርሽም፣ እህቴ፤ እውነት ነው። ወንዙ ተመልሶ ይሸፈን ትያለሽ ወይ?

ተከራይዋ፦
አልልም። ጎዳናው ከመፍረሱ በፊት መሄጃቸው ተሠርቶ ማለቅ ነበረበት ነው የምለው። የምክር ቤቱ ሥራ ቅደም ተከተል ማስያዝ ነው።

ሰማያዊው፦
«ወንዙ የተከፈተ» የምትሉት ውሃ ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚገፋ መሆኑንስ? አሸዋ አስገብተን ተወገዝን፤ እነሱ ውሃ በፓምፕ አስገብተው ተመሰገኑ።

የወንዝ ዳር፦
ውሃ ማምጣትና ውሃ መድፈን ላንተ አንድ ከሆነ እዚህ ጋ እናቁም።

ባለ ፕላን፦
በማዘጋጃ ቤት ፕላን ክፍል ዕድሜዬን ስለፈጀሁ የማየውን ልናገር። «ምክር ቤቱ ወሰነ፣ ምክር ቤቱ አጠፋ» ትላላችሁ። አወሳሰኑን ብታዩት ግን ክርክራችሁ ይለወጥ ነበር።

የአልሚው ማመልከቻ ሲመጣ ከፎቶ ጋር ነው። አዲሱ ሕንፃ ሥዕሉ ላይ ቀለል ብሎ፣ ሰማይ መስሎ ይሳላል። አሮጌው ቤት ከፊት ጎልቶ ይነሳል። ሥዕሉ የተነሳበትን ቦታ ፈልጋችሁ ብትቆሙ ሰው የማይቆምበት ማዕዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ እግረኛው ከሚያልፍበት ከመንገዱ አፍ ቢነሳ ፎቁ ቤቱን ይውጠዋል። ከሌላ ማዕዘን የተነሳ ሥዕል እንዲቀርብ ብንጠይቅ «ሥራ ታጓትታላችሁ» እንባላለን። ከዚያ ፋይሉ ስብሰባው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ለአባላቱ ይደርሳል። ውፍረቱ እንደ ስልክ ማውጫ ነው። አባሉ የመጨረሻውን ገጽ፣ ማለትም የሥራ ዕድሉንና የግብሩን ቁጥር አይቶ ይገባል።

ትልቁ ነገር ካርታው ነው። የቅርስ ካርታው ባህል ቢሮ አለ። የጎርፉ ካርታ ውሃና ፍሳሽ ዘንድ አለ። የመሬት አጠቃቀሙ እኛ ዘንድ አለ። ሦስቱን በአንድ ወረቀት ላይ ደርቦ ምክር ቤት ፊት የዘረጋ ሰው ካያችሁ ጥሩኝ። ቢደረብ ኖሮ የድሮዎቹ ሰፈሮች ከፍ ያለ መሬት ላይ ያሉት ለምን እንደሆነ፣ አዲሶቹ ፎቆች ደግሞ ስንቶቹ ረግረግ ላይ እንደሚወድቁ በዓይን ይታያል። ዩኔስኮ እንኳን በ2011 ባወጣው ምክረ ሐሳብ የከተማን ቅርስ ለብቻው አጥራችሁ አትያዙት፤ ከመልክዓ ምድሩ፣ ከውሃው፣ ከኑሮው ጋር በአንድ ዕቅድ ያዙት ነው ያለው። ፈቃድ በየግሉ እየተሰጠ እስከሄደ ድረስ ጥንተ ሰፈርም አልሚውም እርስ በርስ ስትጨቃጨቁ ትኖራላችሁ።

ጥንተ ሰፈር፦
ባለ ፕላን ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ተደማምሮ ነው ሰፈሩን የበላው» ያልኩት ይሄንን ነው።

አልሚው፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፤ ሥራ የሚጓተተው ግን እውነት ነው። አንድ ፈቃድ ለማግኘት በየቢሮው የሚንከራተት ሰው እንደ ጠላት ሊታይ አይገባም። ካርታውን እናንተ ደርቡትና አስቀድማችሁ አሳውቁት፤ የት እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ ያወቀ ባለሀብት ረግረግ ላይ መሬት አይገዛም።

ወደ «የትኛው ሰው» ልመለስ፣ ምክንያቱም ጥንተ ሰፈር እንዳልመለስኩ አድርጎ እየያዘው ነው። ድሬስደንን ራስህ ነህ ያነሳኸው። በኤልቤ ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራ አይሠራ ተብሎ በ2005 ሕዝቡ ተጠየቀ። 68 በመቶ ገደማው ይሠራ አለ። ዩኔስኮ በ2009 ሰረዛቸው፣ እነሱ በ2013 ድልድያቸውን ከፈቱ። ሰው ማለት ይሄ ነው፤ እዚያው የሚኖር፣ በየቀኑ ወንዙን የሚሻገር፣ ድምፁን የሰጠ ሰው።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ሕዝቡ የተጠየቀው «ድልድይ ትፈልጋላችሁ ወይ» ተብሎ ነው። «ከመዝገብ ብትሰረዙም ትፈልጋላችሁ ወይ» አልተባለም፤ ማስጠንቀቂያው የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው። በድልድዩ ፈንታ ዋሻ የሚለው አማራጭም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አልነበረም። ውጤቱን አከብራለሁ፣ ግን ምክር ቤት ጥያቄውን አጥብቦ ጠይቆ መልሱን ሲያሰፋው ሕዝብ ወሰነ ማለት ይከብደኛል።

የወንዝ ዳር፦
ያንን ድልድይ በ2007 ለጊዜው ያስቆመው ማን እንደሆነስ? ትንሽ የሌሊት ወፍ። ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ በሸለቆው ይበራል ተብሎ ፍርድ ቤት አገደው። ኋላ ሲፈቀድም ወፎቹ በሚበሩባቸው ወራት በሌሊት መኪና ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ተብሎ ነው። ዩኔስኮ ያላገኘውን ቅናሽ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕጉ አገኘ፤ አስገዳጅ ስለሆነ። ለቅርስም እንደዚያ ያለ ጥርስ ያለው ሕግ ይውጣ የምንለው ለዚህ ነው።

ሰማያዊው፦
ለሌሊት ወፍ ብሎ 30 መንዳት! ለእነሱ ሰው ለወፍ ተፈጠረ ማለት ነው?

የወንዝ ዳር፦
በሌሊት ቀስ ብሎ መንዳት ሰውንም አይጎዳም።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ጥርስ ያለው ሕግ ካላችሁ ለንደንን ላክልበት። የዌስትሚንስተር ምክር ቤት የማርክስ ኤንድ ስፔንሰርን የኦክስፎርድ ጎዳና መደብር አፍርሶ እንደገና ለመሥራት በ2021 ፈቃድ ለመስጠት ወሰነ። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ አይደለም። ተቃዋሚዎች የመጡት በካርቦን ነው፤ አፍርሶ መሥራቱ ወደ 40,000 ቶን ካርቦን ያወጣል፣ ለምን አይታደስም ብለው። ሚኒስትሩ በ2023 ከለከሉ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2024 ክልከላውን ሻረ። የተተኩት ሚኒስትር ዲሴምበር ላይ ፈቀዱ። አንድ መደብር ለሦስት ዓመት በምክር ቤት፣ በሚኒስትርና በፍርድ ቤት መካከል ተንከራተተ፤ ምክንያቱም «መጀመሪያ ማደስ፣ ማፍረስ በመጨረሻ» የሚል አስገዳጅ ድንጋጌ አልነበረም።

አልሚው፦
በመጨረሻ ግን ተፈቀደ።

የወንዝ ዳር፦
ተፈቀደ ማለት ልክ ነበር ማለት አይደለም። የቆመ ሕንፃ ሲሚንቶውም ብረቱም አንዴ ተቃጥሎ የተከፈለበት ነው። አዲሱ ኃይል ይቆጥባል ብትለኝ፣ ያወጣውን እስኪመልስ ስንት አሥርት ዓመት ይፈጃል? ከተማው የሚሞቀው አሁን ነው።

ተከራይዋ፦
አልሚው፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ዙሪያውን ሳትዞር መልስልኝ። ነገ ምክር ቤት አባል ብትሆን፣ የቆየ ሰፈር ላይ ትልቅ ፕሮጀክት ቢቀርብልህ፣ እጅህን ከማውጣትህ በፊት ምን ይቅረብልኝ ትላለህ?

አልሚው፦
እመልሳለሁ። ባለ ፕላን ጋሼ ያሉት የተደረበ ካርታ ይቅረብ፤ በዚህ ከእናንተ ጋር ነኝ። የሚነሳው ሰው በስም ተመዝግቦ የሚገባበት ቤት ቁልፍ ይታይ፤ ተከራዩም ይቆጠር። ቅርስ የተባለው ቤት ባለቤት እንደ ኒውዮርኩ ከፍታውን ሌላ ቦታ የሚሸጥበት መብት ይኑረው። ይሄ ሁሉ ከተሟላ ግን ቀነ ገደብ ይኑር፤ ምክር ቤቱ በስድስት ወር ካልመለሰ እንደተፈቀደ ይቆጠር።

ጥንተ ሰፈር፦
የመጨረሻዋን አልቀበልም! ቅርስ ላይ ዝምታ እንደ ፈቃድ ተቆጠረ ማለት በር ከፍቶ መተኛት ነው። በስድስት ወር ካልመለሰ እንደተከለከለ ይቆጠር።

አልሚው፦
ያንተው ከሆነማ ምንም ሳይሠራ ስድስት ወር እየተቀመጠ ሁሉንም የሚከለክል ምክር ቤት ይኖርሃል።

ባለ ፕላን፦
ስድስት ወሩ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ፋይሉ ከገባበት ቀን ነው ወይስ ከተሟላበት? እኛ ዘንድ ጠቡ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።

ተከራይዋ፦
ቁልፉስ መቼ ነው የሚታየው፣ ከድምፁ በፊት ነው ወይስ ከፈረሰ በኋላ? አልሚው፣ እሱን ሳትጽፍ እንዳትወጣ።

ሰማያዊው፦
ስለ ስታዲየሙ ያልኩትን ግን ማንም አልመለሰልኝም።